ከቆቃ የሚነሳው መንኮራኩር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንድሜ ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘርግቶ ድምፅ ይቀዳ ነበር። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ተቀምጧል። ባለወፍጮው መጀመሪያ ቪዲዮ የሚቀርጸው መስሎት ተቆጣ። ድምፁን ብቻ እንደሚፈልግ ሲነግረው ለምን አለው። ወንድሜም ኮስተር ብሎ መንኮራኩር ሊያስነሳበት እንደሆነ ነገረው። ባለወፍጮው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ መንኮራኩሩ ከተነሳ እነዚህን ወረፋ የያዙ ሴቶችም ይዞልኝ ይሂድ ብሎ ለመነው። ሴቶቹ አንድ ላይ ሰደቡት። ወንድሜ ስድቡም አብሮ ተቀዳ ብሎ ሳቀ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የመጨረሻው ደህና ቀናችን ያ ነው። ሌላ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። የተለየ ነገር ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የለውም።

ወንድሜ መቂ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። የሥራ ቀናቱን እዚያ ተከራይቶ ያድራል፣ ዓርብ ማታ ናዝሬት ይገባል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ ስልክ ጥገና ቤት እሠራለሁ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ እናታችንና እኛ ሁለታችን ነበርን።

ለተማሪዎቹ ታሪክ ይሠራላቸው ነበር። የሚነበብ አይደለም፣ የሚደመጥ ነው። በስልክ ይቀዳዋል፣ እኔ ድምፁን አስተካክልለታለሁ፣ ከዚያ ይልክላቸዋል። ታሪኩ አገራችን ጨረቃ ላይ ስለምትሠራው ከተማ ነው። መንኮራኩሩ የሚነሳው ከቆቃ ሐይቅ ዳር ነው። ለምን ቆቃ ብዬ አንድ ቀን ስቄ ጠየቅኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ምድር ስትሽከረከር ወገቧ ላይ ያለው ከሌላው ይፈጥናል አለኝ፤ ከዚያ አካባቢ የሚነሳ መንኮራኩር ያንን ፍጥነት በነፃ ያገኛል፤ እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሜዳ አለን፣ ከፍታ አለን፣ ግድቡ መብራት ይሰጣል፣ የሚወድቅ ነገር ቢኖር ውኃ ላይ ይወድቃል። «እግዚአብሔር ማስነሻው ላይ አስቀመጠን፣ እኛ ሽንኩርት ተከልንበት» ይል ነበር።

ሽንኩርቱን ግን ንቆ አይደለም። ጨረቃ ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅሉት የመቂ ገበሬዎች ነበሩ። አንድ ተማሪው እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እዚያ ደላላ አለ?» ብሎ ጠየቀው። የለም አለው። ልጁም «እንግዲያው ሽንኩርቱን ማን ይሸጠዋል?» አለ። የደላላ ልጅ ነበር አሉ። ወንድሜ ይህን ለእናታችን ሲያወራ ራሱ እየሳቀ ምግብ አነቀው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

የከተማዋ ሕጎች ብዙ ነበሩ። መብራት አይጠፋም። መንገድ የሚጠርገው ሁሉም በተራው ነው፣ የከተማዋ አስተዳዳሪም ጭምር። አንዱ «ሰላም ነው?» ሲል ሌላው በኦሮምኛ «አከም ጂርታ?» ብሎ ይመልሳል፣ ሁለቱም ገብቷቸው ያልፋሉ። ከየት ነህ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ዕድር ግን አለ። ዕድር ከሌለ ጨረቃ ላይም ቢሆን ሰው መኖር አይችልም ይል ነበር።

ይህ ነገር የጀመረው አገራችን ሳተላይት ወደ ሰማይ የላከች ጊዜ ይመስለኛል። እሱ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ ለእረፍት መጥቶ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ከእንቅልፌ ቀስቅሶ አንድ ሻይ ቤት ይዞኝ ሄደ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያሳየኝ። ከሌላ አገር፣ በሌላ አገር ሮኬት ነው የተነሳው። ሲነሳ የኔ ወንድም አለቀሰ። አጠገባችን ሻይ የሚጠጡ አንድ ሰውዬ፣ ሮኬቱ የሰው፣ ማስነሻው የሰው፣ የእኛ ምኑ ነው አሉ። አስተናጋጁ «የእኛ ጭብጨባው ነው አባባ» አላቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወንድሜ ዓይኑን ጠርጎ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ቤት ልንደርስ ስንል፣ አንድ ቀን ከዚህ ነው የሚነሳው አለኝ፤ በእግሩ መሬቱን መታ አድርጎ።

በዚህ ታሪኩ የተነሳ አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርቶ ነበር። መንኮራኩሩ ላይ ያለው ሰንደቅ ዓላማ ኮከብ አለው ወይስ የለውም ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀ። ወንድሜ ሳይመልስ ሌላው መለሰ፣ ሌላው ደግሞ ተነሳ፣ ክፍሉ ተረበሸ። ርዕሰ መምህሩ ፊዚክስህን አስተምር ብለው መከሩት። ከዚያ በኋላ በታሪኩ ውስጥ «ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይጨምርም። እያንዳንዱ የራሱን ይየው አለኝ። እኔ ይህ ሽንፈት ነው አልኩት። እሱ አይደለም፣ ድምፅ ብቻ የሆነ ታሪክ ጥቅሙ ይሄ ነው አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት የከተማዋን መመረቂያ ክፍል ልንቀዳ ተቀመጥን። የወፍጮውን ድምፅ አስገባሁለት። ጥሩ ሆነ፤ በእውነት መንኮራኩር ይመስላል። ያን ቀን ግን ልቤ ተከፍቶ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጥገና ቤት ሄጄ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት። ከየት እንደሆንኩ ጠይቆኝ፣ ስመልስለት ስልኩን ከእጄ ቀምቶ ሄደ። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም። በዚያ ፋንታ በጨረቃዋ ከተማ ጉዳይ ተነሳሁበት።

«ወደዚያ የሚሄዱት እኛው ነን አይደል?» አልኩት።

«እኛው ነን።»

«እንግዲያው ሳምንት አይሞላቸውም። የላይ ሰፈር፣ የታች ሰፈር ይባባላሉ። ደላላም ይኖራል።»

አልተቆጣም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አውቃለሁ» አለኝ። «ግን በሐሳብ እንኳ አንድ ቦታ ካልተሠራ፣ የት ይጀመር?»

በል እንቅዳ አልኩት። አሁን ደግሞ ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም።

በታሪኩ ውስጥ እኔ የምድር ጣቢያ ነኝ። እሱ የመንኮራኩሩ አዛዥ ነው። ስናገር ቃል ይይዘኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፤ ትምህርት ቤት እያለሁ አንብብ ስባል እላብ ነበር። እሱ ይህን ቦታ የሰጠኝ አስቦበት ነው። ድምፅ ከጨረቃ ምድር ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ መልሱም እንደዚያው፤ ስለዚህ ምድር ቶሎ ከመለሰች ስህተት ነው አለኝ። እሱ ይናገራል፣ ጣቱን አንስቶ ያስጠብቀኛል፣ ጣቱን ሲያወርድ እኔ እናገራለሁ። ቃሉ ቢይዘኝም ማንም አያውቅም። የመቂ ልጆች ድምፄን ይወዱታል አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

እናታችን ልብስ ልታስገባ ስትመጣ አየችን። ጨረቃ ላይ ምን አስቀምጣችሁ ነው አለች። ወንድሜ እሷንም ይዟት እንደሚሄድ፣ ለጉልበቷም ጥሩ እንደሆነ፣ እዚያ ሰው እንደሚቀል ነገራት። እሷም የምሄድበትን አገር አውቀዋለሁ፣ ያንተን መኪና አልፈልግም አለችው። እንደዚህ ነው የሚነጋገሩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ ተመለስን፣ ምሳ በላን። እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ሞጆ ወርዶ የመቂን መኪና ይይዛል። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል፣ የምድር ድምፅ አንሷል፣ ከፍ አድርገውና ዛሬውኑ ላክልኝ አለኝ። እሺ አልኩት። ቻው እንኳ አልተባባልንም። ወያላው በሩን ዘጋው።

እሑድም ቢሆን ጥገና ቤቱን ከሰዓት እንከፍታለን። እዚያ ተቀምጬ ድምፁን እያስተካከልኩ ሳለ በወንድሜ ቁጥር ተደወለ። የማላውቀው ሰው ነው። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ የስልኩ ባለቤት ምንህ ነው አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። አባት አለው? የለም። ከሰውየው ኋላ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጩኸት ይሰማል። ከዚያ «ትልቅ ሰው አቅርብልኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ አወቅኩ። ምንም ሳይነግረኝ። ትልቅ ሰው አቅርብ የሚባለው ለምን እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ነኝ ትልቁ፣ ለእኔ ንገረኝ አልኩት። ቃሉ ያዘኝ፤ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሬ ነው የወጣልኝ። ሰውየው እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ነገረኝ። ቆቃን አልፈው፣ ዓለም ጤና ከተማ ሳይደርሱ፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና ሌላ መኪና ሊቀድም ወጥቶ ከሚኒባሱ ጋር ተጋጨ። አምቡላንስ ስላልተገኘ ቲማቲም ሊጭን የሚሄድ ፒካፕ ላይ አድርገው ሐኪም ቤት ወሰዱት። መንገድ ላይ አለፈ። ሰውየው ፈጣሪ ያጽናህ አለኝ። እኔ አመሰግናለሁ አልኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

ጨረቃ ላይ ከተማ የሠራ ሰው ዓለም ጤና አልደረሰም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ለራሴ ብያለሁ። ሰማይ ላይ ሳተላይት አለን። ከላይ ሆኖ መንገዱን ያየዋል ይባላል። አይቶት ይሆናል።

አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አዘዙ፤ ሬሳውን እሳቸው ሄደው ያመጣሉ፣ ለዕድሩ እሳቸው ይነግራሉ፣ ለፓስተሩም።

«እናትህ ግፊት አለባት» አሉኝ። «ማታ መርዶ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንመጣለን። እስከዚያ ፊትህን ታጠብና ቤት ግባ። እንዳታስነቃ።»

«ጋሼ፣ አልችልም» አልኳቸው።

«ትችላለህ» አሉኝና ዘጉት።

ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር። እንዴት ቶሎ እንደተሰማ አላውቅም፤ ዕድር እንደዚህ ነው። ሁልጊዜ መዝሙር ከፍ አድርጋ የምትከፍተው ጎረቤታችን ዘግታዋለች። የዕድሩ ድንኳን ብረቶች ከአጥራችን ጀርባ በጎረቤት ግቢ ተደርድረው አየሁ፤ ለጠዋት። አንዲት ሴት ከአጥር በዚያ በኩል ልጇን ዝም በል ስትለው ሰማሁ። ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቴን ይጠብቃት ነበር። ከእናቴ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ይህ ፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ግን አንድን ሰው እንዲህ ዙሪያውን ከቦ መጠበቅ ያስፈራል።

እናቴ ደረሰ ወይ አለችኝ። ሲደርስ ሁልጊዜ ይደውልላታል። ለእኔ ደውሏል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ መብራትም የለም ብሏል አልኳት። እንዴት ለእኔ ሳይደውል አለች። አልከፋትም፤ ገረማት ብቻ። እራት አቀረበችልኝ። በላሁ። እያንዳንዱን ጉርሻ አስታውሳለሁ። ሆዴን አሞኛል ብል ትጠራጠራለች ብዬ ሁሉንም በላሁ።

ከእራት በኋላ፣ ትናንት ስትቀዱት የነበረውን እስቲ አሰማኝ አለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ድምፁን ስላልሰማች ነው። አይሆንም የምልበት ምክንያት አጣሁ። ከፈትኩት።

ወፍጮው ጮኸ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ መጣ። «ምድር፣ ምድር። ደርሰናል። ሁላችንም ደህና ነን። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ።» ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ እየተጎተተ፣ «ሰምተናል። እንኳን ደረሳችሁ።»

እናቴ «ለምንድነው እንዲህ ቆይተህ የምትመልስለት?» አለችኝ።

ርቀቱ ነው አልኳት። ከጨረቃ ድምፅ ሲመጣ ጊዜ ይወስዳል። ራሷን ነቀነቀች። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ መንገድ በተራ ስለ መጥረግ፣ ከየት ነህ ስለማይባልበት ሕግ፣ ስለ ሽንኩርቱ። ሲያልቅ፣ የሚያወራው እኮ ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው፣ እሱ ግን አያውቅም አለች። ደስ ብሏታል። ልጇ ቤተ ክርስቲያን የሰማውን በራሱ መንገድ እንደሚያወራ አድርጋ ነው የወሰደችው። ነገ ሲደውል እነግረዋለሁ አለች።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። የእሱ አልጋ ባዶ ነው፤ እሑድ እሑድ ሁልጊዜም ባዶ ነው። ስለ ከተማዋ አሰብኩ። ስለ አየሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መጥረጊያው ሁሉ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሰው ሲሞት ለእናቱ ማን እንደሚነግር ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ዕድር አለ ብሎ አልፎታል። ወሬ ከጨረቃ ምድር በሰከንዶች ይደርሳል። መርዶው ግን ከዓለም ጤና መንገድ እናቴ ጋ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር፤ መንገዱም እኔ ነበርኩ። ተቆጣሁ። በአጎቴ አይደለም። በወንድሜ ይመስለኛል። እዚህ ያለውን ነገር ሁሉ ለእኔ ትቶ እዚያ ላይ ያሳምር ነበር።

ሰማዩ ሳይገረጣ እናቴ ለጸሎት ስትነሳ ሰማኋት። ሽማግሌዎቹ ገና አልመጡም። ተነስቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። ልክ መሆኑን አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስዋሻት አድሬ፣ በስድስት ሰባት ሰው ፊት ከእሷ ጋር አብሬ እንደ አዲስ ልደነግጥ አልቻልኩም።

ተንበርክካ ነበር። «እማዬ» አልኳት። ቀና አለች። ስሙን ጠራሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ያዘኝ። እንደ ልጅነቴ ያዘኝ። እሷም እንደ ልጅነቴ አላቋረጠችኝም፤ አፌን እያየች ጠበቀችኝ። ሞቷል አልኩ። መኪና አልኩ። ትናንት አልኩ።

ተነሳች። ጉልበቷን ያዝ አድርጋ፣ ቀስ ብላ።

«ማን ነገረህ?»

«ስልክ ተደውሎ። ጋሼም ያውቃሉ።»

«ውሸት ነው» አለችኝ። ድምፅዋ አልተለወጠም። «እንዲህ ያለ ነገር ለአንተ ለብቻህ አይነገርም። እውነት ቢሆን ሰው ይመጣ ነበር። ሕልም አይተህ ነው።»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው።»

«ሰው ይመጣ ነበር አልኩህ» አለች። ወደ ጓዳ ገብታ ሻይ ጣደች። ስኳሩን ፈለገች። ሌሊት በደንብ አልተኛህም፣ ሻይ ጠጥተህ ትንሽ ጋደም በል አለችኝ። ብርጭቆ ስታወጣ ሁለት አወጣች። ያመነችው የመርዶን ወግ ነው፤ ወጉ ደግሞ ገና አልደረሰም።

ከዚያ ከውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው ነው፣ ግን ማንም አያወራም። ብዙ ሰው ሳያወራ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ እናቴ ከእኔ በፊት ነው ያወቀችው። ለስንት ቤት መርዶ አብራ ሄዳለች። የግቢው በር ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይደነግጥ እንደሚደረገው።

እናቴ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆመች። በሕይወቴ ማንንም ደጅ ላይ አቁም ብላኝ አታውቅም።

«ልጄ» አለችኝ፣ «አትክፈት።»

ደግመው አንኳኩ። ሄጄ ከፈትኩላቸው።